ታስሮ መሬት የገዛው ነቢይ

(ምስል፦ ባዶ የሸክላ ማሰሮ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ ከአንድ የመሬት ግዢ እንጀምራለን።

ከተማችሁ ተከቧል እንበል። ጠላት ከግንቡ ውጭ አፈር እየደለደለ ነው። ውስጥ እህል እያለቀ ነው። እናንተ ደግሞ እስር ላይ ናችሁ። በዚህ መሀል የአጎታችሁ ልጅ ይመጣና “መሬቴን ግዛኝ” ይላችኋል። መሬቱ የት ነው? ጠላት በያዘው በኩል። ደላላ እንኳ እንዲህ ያለውን ይዞ ለመምጣት ያፍራል።

ነቢዩ ኤርምያስ ግን ገዛው። 17 ሰቅል ብር፣ በዛሬ ሚዛን 200 ግራም ገደማ፣ መዝኖ ከፈለ። ምስክር ጠራ፣ ውል ፈረመ። ከተማዋ መውደቋ እንደማይቀር 40 ዓመት ያህል ሲናገር የኖረው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፣ እሱ ራሱ ነው።

ምን ነካው ታዲያ?

(ምስል፦ የኢየሩሳሌምና የዓናቶት ካርታ)

ኤርምያስ የካህን ልጅ ነው፣ የዓናቶት ሰው። ዓናቶት ከኢየሩሳሌም 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። የገዛው መሬትም እዚያው ነው። የተጠራው በንጉሥ ኢዮስያስ 13ኛ ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ627 አካባቢ ነበር። “ልጅ ነኝ፣ መናገር አላውቅም” ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ። አልሆነለትም።

ሰቆቃውን እያሰብን አልቃሻ ነቢይ እንለዋለን። እኔ ግን ይህ ስም ያሳንሰዋል ባይ ነኝ። ማልቀሱን አልቅሷል፣ ግን ተከራካሪም ነበር። “አታለልኸኝ” ብሎ እግዚአብሔርን ፊት ለፊት የተናገረ ሰው ነው። የተወለደባትን ቀን ረግሟል። ከእንግዲህ በስሙ አልናገርም ብሎ ዝም ለማለትም ሞክሯል። ቃሉ ግን አጥንቱ ውስጥ እንደ ገባ እሳት ሆነበት፣ መቻል አቃተው። ሚስት እንዳያገባም ታዝዞ ነበር። ይህን ሁሉ ብቻውን ነው የተሸከመው።

ብቻውን ስል ጸሐፊውን ባሮክን መርሳት አይገባም። ኤርምያስ የ23 ዓመት ቃሉን እየነገረው ባሮክ በብራና ጥቅልል ጻፈው። ጥቅልሉ ዞሮ ዞሮ ንጉሥ ኢዮአቄም ዘንድ ደረሰ። ወሩ ዘጠነኛው ነው፣ ክረምታቸው። ንጉሡ እሳት ፊቱ አስነድዶ ይሞቃል። አንባቢው ሦስት አራት ዓምድ ባነበበ ቁጥር ንጉሡ የብርዕ መቅረጫ ቢላውን ያነሣል፣ የተነበበውን ይቆርጣል፣ እሳቱ ውስጥ ይጥላል። ያነባል፣ ይቆርጣል፣ ይጥላል። ሦስት ሹማምንት “ኧረ አይቃጠል” ብለው ለመኑት። አልሰማቸውም። ጥቅልሉ እስኪያልቅ ነደደ።

ኤርምያስና ባሮክ ምን አደረጉ? ሌላ ጥቅልል ይዘው እንደገና ቁጭ አሉ። ሁለተኛው እንዲያውም ከመጀመሪያው ረዘመ።

(ምስል፦ የጉድጓድ አፍ፣ ከላይ ሲታይ)

ዓመታት አለፉ። አሁን ንጉሡ ሴዴቅያስ ነው፣ ባቢሎናውያን ከተማዋን ከበዋል። ኤርምያስ “እጃችሁን ስጡ፣ ትተርፋላችሁ” ይላል። ሹማምንቱ የወታደሩን ወኔ እየገደለ ነው ብለው ከሰሱት። እውነቱን ለመናገር፣ በጦርነት መሀል እንዲህ የሚል ሰው ዛሬም ቢሆን አይታለፍም። ሴዴቅያስም “በእጃችሁ ነው” ብሎ አሳልፎ ሰጣቸው። በገመድ አወረዱና ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት። ውኃ የለበትም፣ ጭቃ ብቻ ነው። ኤርምያስ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ።

ከቤተ መንግሥቱ ሰው ሁሉ ተነሥቶ የተናገረለት አንድ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ጃንደረባው አቤሜሌክ። ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ ሄዶ “እነዚህ ሰዎች ያደረጉት ክፉ ነው፣ በረሃብ ይሞታል” አለው። ሴዴቅያስም ቃሉን ለወጠ። 30 ሰው ይዘህ ሂድና አውጣው አለው።

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። አቤሜሌክ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ አልሮጠም። መጀመሪያ ከግምጃ ቤቱ ሥር ካለው ክፍል ገብቶ አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ሰበሰበ። ጨርቁን በገመድ ወደ ኤርምያስ አወረደና “ብብትህ ሥር፣ ከገመዱ በታች አድርገው” አለው። ገመዱ እንዳይልጠው ነው። በዚያ ሁሉ ጥድፊያ ስለ አንድ እስረኛ ብብት ማሰብ! በእኛ ዘንድ የታወቀው ተረፈ ባሮክ የተባለው መጽሐፍ ደግሞ አቤሜሌክ በለስ ሊለቅም ወጥቶ 66 ዓመት እንደ ተኛ፣ ሲነቃም በለሱ እንዳልደረቀ ይተርካል። ያ ሌላ ቪዲዮ ይሆናል።

የመከራው ጊዜ ከመጽሐፍ ውጭም ፍንጭ አለው። ኤርምያስ ምዕራፍ 34 ከይሁዳ ምሽግ ከተሞች ሳይያዙ የቀሩት ለኪሶና ዓዜቃ ብቻ እንደ ነበሩ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1935 ለኪሶ ሲቆፈር በገል ላይ በቀለም የተጻፉ መልእክቶች ተገኙ። አንዱ የለኪሶን የእሳት ምልክት እየጠበቅን ነው፣ ዓዜቃን ማየት አልቻልንም ይላል።

(ምስል፦ ማሰሮው እንደገና)

ወደ መሬቱ እንመለስ። ውሉ ሁለት ቅጂ ነበረው፣ አንዱ በማኅተም የታሸገ፣ አንዱ ክፍት። ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው ለባሮክ ሰጠው። ምክንያቱንም ተናገረ፦ በዚህች ምድር ቤትና እርሻ፣ የወይን ቦታም ገና ይገዛል። ደስ የሚለው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ጸሎቱ ነው። “ከተማዋ ለከለዳውያን ተሰጥታ ሳለ መሬት ግዛ ትለኛለህ?” ብሎ ጠየቀ፤ ከለዳውያን ያላቸው ባቢሎናውያኑን ነው። መጀመሪያ ከፈለ፣ ከዚያ ግራ ገባው።

ኢየሩሳሌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ ወደቀች። ኤርምያስን ከተራረፉት ወገኖቹ የተወሰኑት ወደ ግብፅ ይዘውት ወረዱ፣ አትሂዱ እያላቸው። ያቺን መሬት ረግጧት እንደሆነ መጽሐፉ አይነግረንም።

በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 2 ግን ከባቢሎን ምርኮ የተመለሱት በየመንደራቸው ይቆጠራሉ። ስም በስም፣ ቁጥር በቁጥር። ቁጥር 23 ላይ እንዲህ ይላል፦ የዓናቶት ሰዎች፣ 128።