ኤስኤስዲ ከመግዛታችሁ በፊት ማስገቢያውን እዩ

እንደምን አመሻችሁ! ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ኮምፒውተራችን ሲንቀራፈፍ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ሌላ መግዛት ነው። ቆየት ባለ ማሽን ላይ ግን ጣጣው ብዙ ጊዜ ከሀርድ ዲስኩ ነው። ውስጡ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ። መረጃ የሚያነበው ጭንቅላት በላዩ ወዲያ ወዲህ ይላል። ዊንዶውስ ሲነሳ ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ይጠራል፤ ጭንቅላቱም ለእያንዳንዱ ይመላለሳል። ኤስኤስዲ ግን መረጃን ቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዲስክ ነው፤ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ ይፈጥናል።

በቃ ኤስኤስዲ ልግዛ ያላችሁ ቆይ፣ አትሩጡ። መጀመሪያ ማሽናችሁ የሚቀበለውን እወቁ።

ሳታ የምንለው የዲስክ ማገናኛ ዴስክቶፕ ላይ ሁለት ገመድ አለው። ጠባቡ ለመረጃ፣ ሰፊው ለኤሌክትሪክ ነው። ሦስተኛው ትውልድ በተግባር በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ ያስተላልፋል። ሀርድ ዲስክ ግን ከ200 ብዙም አይዘልም።

ሰው የሚሸወደው ኤም ዶት ቱ ላይ ነው። ይሄ ስም የሚነግራችሁ ቅርጹን ብቻ ነው። ማስቲካ የምታህል ሰሌዳ ናት፤ 2280 ከተባለች ስፋቷ 22፣ ርዝመቷ 80 ሚሊሜትር ነው። አንዷ በሳታ፣ ሌላዋ ኤንቪኤምኢ በሚባለው ፈጣን መንገድ ትሠራለች። ለሳታ ብቻ የተሠራ ማስገቢያ ላይ ኤንቪኤምኢ ብትሰኩ ኮምፒውተሩ አያውቃትም። የምትሰካበት ጫፍ ላይ ያለውን ጥርሷን አይታችሁ ብቻ አትወስኑ፣ አንዳንዴ ያሳስታል። የማሽኑን ሞዴል ፈልጋችሁ መግለጫውን አንብቡ።

ኤንቪኤምኢ በሰከንድ 3500 ሜጋባይት፣ አዳዲሶቹ ደግሞ 7000ና ከዚያም በላይ ይደርሳሉ። ቁጥሩ ያጓጓል። ግን ለጽሑፍ ሥራና ለኢንተርኔት ከሆነ ከሳታ ኤስኤስዲ ጋር ያለው ልዩነት እምብዛም አይታወቃችሁም። ትልቁ ለውጥ ከሀርድ ዲስክ ስትወጡ ነው። የተረፈውን ብር ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ግዙበት።

ወደ መግጠሙ እንምጣ። ፋይላችሁን አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ማሽኑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ከተቻለ የባትሪውን ገመድም አላቁ። በሰውነታችሁ ያለው ኤሌክትሪክ እንዳይጎዳት ሰሌዳዋን ከመንካታችሁ በፊት ብረት ንኩ። ከዚያ ትንሽ አዘንብላችሁ አስገቧት። ጫፏ ቀና ብሎ ይቀራል፤ አትደንግጡ፣ እንደዚያው ነው። በጣታችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ብሎኗን እሰሩ። ብሎኗ ግን ከዲስኩ ጋር ላትመጣ ትችላለችና ሱቁ እያላችሁ ጠይቁ።

አስገብታችሁ ዊንዶውስ ላይ ካጣችኋት ተበላሽታለች ብላችሁ አትመልሷት። አዲስ ዲስክ መጀመሪያ መዘጋጀት አለበት። ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ዲስክ ማኔጅመንት ክፈቱ፣ ከዲስክ አከፋፈል ስልቶቹ ጂፒቲን ምረጡ፣ ከዚያ ፎርማት አድርጉ። አሮጌው ስልት፣ ኤምቢአር፣ ከ2 ቴራባይት በላይ አይሄድም። ፎርማት ከማለታችሁ በፊት ግን የዲስኩን መጠን ሁለቴ እዩ፤ የተሳሳተውን ከነካችሁ ፋይላችሁ ይሄዳል።

1 ቴራባይት ገዝታችሁ 931 ጊጋባይት ቢያሳያችሁም ከሻጩ ጋር አትጣሉ። ፋብሪካው በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ላፕቶፖች ከፍቻለሁ። ካቻቢቴ አለ፣ ቅረቡና እንግጠም።