ቀርፋፋዋ ፕላይማውዝ 74 መኪና ጥላ የሄደችበት ቀን

እሺ ቤተሰብ እንዴት ሰነበታችሁ! ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ላጲስ አለ፣ አዎ ላጲስ፣ እርሳስ የምናጠፋበት። አንዱ ነጭ ነው፣ ለስላሳ፣ ጫን ስትሉት እጥፍ የሚል። ሌላኛው ያ ግማሹ ቀይ ግማሹ ሰማያዊ የሆነው ነው፣ መቼም አትረሱትም። ሁለቱን ያዙልኝ፣ እመለስባቸዋለሁ፣ የዛሬው ታሪክ ዞሮ ዞሮ እዚህ ላጲስ ላይ ነው የሚያርፈው።

ውድድሩ ምንድነው? በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 4፣ 1950። አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ ዳርሊንግተን የምትባል ትንሽ ከተማ። ሳውዘርን 500 ይባላል። 500 ማይል፣ በኪሎ ሜትር 805 ገደማ። 75 መኪና፣ ሰባ አምስት! ሦስት ሦስት ሆነው በ25 ረድፍ ተሰልፈው ተነሱ። ናስካር፣ የአሜሪካው የስቶክ ካር እሽቅድምድም ድርጅት ማለት ነው፣ ያኔ ገና የሁለት ዓመት ልጅ ነው፣ እንዲህ ያለ ረጅም ውድድር አካሂዶ አያውቅም፣ ሾፌሮቹም አብዛኞቹ የለመዱት አጫጭር የአፈር ሜዳ ነው፣ እና አስፋልት ላይ 500 ማይል ሲነዱ ምን እንደሚገጥማቸው በደንብ የሚያውቅ ብዙም አልነበረም።

ስቶክ ካር ስንል ደግሞ በዚያ ዘመን የምር ሱቅ ገብታችሁ የምትገዙት መኪና ነው፣ ኦልድስሞቢል፣ ካዲላክ፣ ፕላይማውዝ። የዛሬውን ናስካር እርሱት፣ የዛሬው መኪና ቅርጹ ብቻ ነው የገበያውን የሚመስለው።

ሜዳውን የሠራው ሃሮልድ ብራሲንግተን ነው። ሰውዬው ኢንዲያናፖሊስ ሄዶ እዚያ የሚካሄደውን የ500 ማይል የመኪና ውድድር አይቶ ልቡ እዚያው ቀረ፣ ለምን እኛ አገር አይኖርም ብሎ እርሻ መሬት ላይ የውድድር ሜዳ መሥራት ጀመረ። ግን መሬቱ የሸርማን ራምሴ ነበር፣ እሱ ደግሞ ትናንሽ ዓሣ የሚያረባበት ኩሬ ነበረው፣ ኩሬዬን እንዳትነኩ አለ። ስለዚህ ምን ተደረገ፣ የሜዳው አንዱ ጫፍ ለኩሬው ቦታ ለመልቀቅ ጠበብ ብሎ ተሠራ፣ ሌላው ጫፍ ሰፋ አለ። ከላይ ስታዩት እንቁላል ነው። እኔ ይሄን ሳነብ ብቻዬን ነው የሳቅኩት፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንል የለ፣ ይኸው እንቁላሉ መንገድ ሆኖ ተነጠፈ፣ ያሸነፈውም ቀስ ያለው ሰውዬ ነው።

አሁን ወደ ላጲሳችን። (ነጩን ላጲስ ወረቀት ላይ ያሻል።) እዩት፣ አንዴ ሁለቴ ሳሸው ጽሑፉ ጠፋ፣ ወረቀቱን ጥርቅም አድርጎ ነው የሚይዘው። ግን ወረቀቱ ላይ የቀረውን ተመልከቱ፣ ይሄ ጥቅልል ጥቅልል ያለ ነጭ ፍርፋሪ ምንድነው? ላጲሱ ራሱ ነው። ክፍል ውስጥ አዲስ ለስላሳ ላጲስ ይዞ የመጣ ልጅ ሰኞ ንጉሥ ነው፣ ሁሉም አውሰኝ ይለዋል፣ አርብ ላይ ግን ጥፍር የምታክል ቁራጭ ናት የምትቀረው። (ሰማያዊውን ያነሳል።) ይሄኛውስ? እሺ አይልም፣ ይንሸራተታል፣ ስታሹበት ድምፁ ራሱ ያስጠላል፣ ጠንከር ካላችሁ ወረቀት ይቀድዳል። ግን ይሄው ላጲስ ዓመቱን ሙሉ ደብተር ቦርሳ ውስጥ አለ፣ ለታናሽ ወንድምም ይተርፋል። ለስላሳው ይይዛል ግን ያልቃል፣ ጠንካራው አይዝም ግን አያልቅም። ጎማም እንደዚሁ ነው። በቃ። እሽቅድምድም ውስጥ ስለ ጎማ የሚወራው ነገር ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሳው፣ አስፋልቱ ወረቀት ነው፣ ጎማው ላጲስ ነው፣ ፍርፋሪውም ውድድር ሲያልቅ መንገዱ ዳር ተከምሮ ታዩታላችሁ።

ይቺን ምሳሌ ከወደዳችሁልኝ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ሁለት ላጲስ ገዝቼላችኋለሁ።

እዚህ ጋ ግን ቆም ልበል፣ ባለፈው ቪዲዮ ስር አንድ ነገር እየደጋገማችሁ ጽፋችኋል፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ወደ ግራ ብቻ መዞር ምን ይከብዳል፣ ነዳጅ ረግጦ መሪ መያዝ አይደል እንዴ» ብላችኋል። አይደለም! እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ውድድሩ በሙሉ ወደ ግራ ብቻ መታጠፍ ነው፣ ይሄው ነው እኮ ችግሩ። ታክሲ ውስጥ በቀኝ በኩል መስኮት ጋ ተቀምጣችሁ ሹፌሩ በፍጥነት ወደ ግራ ሲታጠፍ ምን ትሆናላችሁ? አጠገባችሁ ያለው ሰው ሙሉ ክብደቱን እናንተ ላይ ይጥላል፣ ትከሻችሁ ከመስኮቱ ጋ ይጣበቃል። መኪናውም እንደዛው ነው፣ ወደ ግራ በታጠፈ ቁጥር ሸክሙ ወደ ቀኝ ጎማዎች ይሄዳል፣ በተለይ የቀኝ ፊት ጎማ። ግራም ቀኝም ቢታጠፍ ኖሮ ጎማዎቹ ተራ እየተቀባበሉ ይሸከሙ ነበር። ዳርሊንግተን ያኔ አንዱ ዙር 1.25 ማይል ነው፣ 2 ኪሎ ሜትር በሉት፣ ስለዚህ 500 ማይል ማለት 400 ዙር ነው፣ በዙር ሁለት ጫፍ፣ 800 ጊዜ ያው አንድ ጎማ ይደቆሳል። 800 ጊዜ! ሌሎቹ ጎማዎች እያሉ ከሁሉም በላይ እሱ። እና እባካችሁ «መዞር ብቻ ነው» አትበሉ፣ እነዚህ ሰዎች በዘመኑ ጎማ ከስድስት ሰዓት በላይ ይሄንን ነው ሲያደርጉ የዋሉት።

ቴክኒኩን ቶሎ ልበለው፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። ፍጥነት ሲጨምር መታጠፊያ ላይ ያለው ጫና በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው፣ ጫና ሙቀት ነው፣ የጋለ ጎማ ቶሎ ይፈጫል፣ መኪናው ከባድ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። አፈር ላይ መሬቱ ራሱ ይሸሻል፣ አስፋልት አይሸሽም። አለቀ።

እና ውድድሩ ተጀመረ። ከፊት የተነሳው ከርቲስ ተርነር ነው፣ በኦልድስሞቢል፣ ማጣሪያው ላይ በሰዓት 82.034 ማይል ሄዷል፣ 132 ኪሎ ሜትር። ኦልድስሞቢሉ ቪ 8 ሞተር፣ 135 የፈረስ ጉልበት። 43ኛ ቦታ ላይ ደግሞ ጆኒ ማንዝ የሚባል የካሊፎርኒያ ሰው በፕላይማውዝ አለ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 97 የፈረስ ጉልበት። አሃ፣ ግን ማንዝ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ተወዳድሯል፣ አስፋልት ጎማ እንዴት እንደሚበላ ያውቃል። መኪናዋ ቀላል ናት፣ የገጠመላትም ጠንካራ ጎማ ነው። ሰማያዊውን ላጲስ ማለት ነው!

ከዚያ የፈጣኖቹ ጎማ መፈንዳት ጀመረ። አንዱ ገባ፣ ክሪክ፣ ቡሎን ፍታ፣ ጎማ ቀይር፣ ወጣ። ጥቂት ዙር፣ ደግሞ ፈነዳ። ገባ። የያዙት ጎማ አለቀባቸው፣ መሀል ሜዳው ላይ መኪናቸውን አቁመው ውድድር ከሚያዩ ተመልካቾች ጎማ እየለመኑ እየገዙ ፈትተው ወሰዱ ይባላል። አስቡት፣ ቤተሰብ ይዛችሁ ልትዝናኑ መጥታችሁ አንድ ሰው እጁ ግራሶ በግራሶ ሆኖ እየሮጠ መጥቶ ጎማህን ሽጥልኝ ሲላችሁ።

ማንዝስ? ማንዝ ይነዳል። አይቸኩልም፣ የሚያልፈውን ያሳልፋል፣ ያለፈው ከጥቂት ዙር በኋላ ጎማ ሲቀይር ያገኘዋል። 50ኛው ዙር አካባቢ መሪነቱን ያዘ፣ ከዚያ በኋላ የነካው የለም፣ 351 ዙር መራ። ሁለተኛ የወጣው ፋየርቦል ሮበርትስ ነው፣ ያኔ የ21 ዓመት ልጅ፣ በኋላ ትልቅ ስም የሆነው። በስንት ተበለጠ? በ9 ዙር። 18 ኪሎ ሜትር! እኔን ይሄ ቁጥር ነው የሚገርመኝ፣ አሸናፊው ሲጨርስ ሁለተኛው ገና 18 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል።

ጠቅላላው 6 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ፈጀ። አማካይ ፍጥነቱ 75.25 ማይል፣ ማለትም ተርነር ለማጣሪያ ባዶውን ሜዳ ላይ ከሄደው የሚያንሰው በ7 ማይል ብቻ ነው። ለዚህ ነው ማንዝን ዕድለኛ ሲሉት የምናደደው፣ ዕድል 400 ዙር አብሮ አይነዳም፣ ሰውዬው አስቦ ነው የገባው።

ማንዝ 10,510 ዶላር ይዞ ሄደ፣ በናስካር ትልቁ ውድድር ከዚያ ወዲህ አላሸነፈም። ያቺ ፕላይማውዝ ከባለቤቶቿ አንዱ ማን ነበር መሰላችሁ? ከርቲስ ተርነር፣ ያው ከፊት የተነሳው ፈጣኑ ሰውዬ! ሌላው የናስካሩ አለቃ ቢል ፍራንስ ነው። እና ከውድድሩ በፊት በነበሩት ቀናት ያቺን መኪና ከተማ ለከተማ እየተላላኩ ዕቃ ያመላልሱባት ነበር ይባላል።