ማሽኑን አውጡትና ፍቅሩን እዩት፦ ስለ ሳይንስ ፊክሽን አኒሜ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ የደወላችሁልን ሁሉ የጠየቃችሁት ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ነው። ሮቦትና መንኮራኩር በሞላበት አኒሜ፣ ማለትም በጃፓን አኒሜሽን፣ ውስጥ ፍቅር ምን ይሠራል? ስመልስ የአንዳንዶቹን ታሪክ መጨረሻ መናገሬ አይቀርምና ያላያችሁ ከወዲሁ ይቅርታ።

ከአዳማ የደወለ አድማጭ፦ «ውጊያው ጦፎ እያለ ድንገት ሁለቱ መተያየት ይጀምራሉ። በቃ፣ ታሪኩ ይቀዘቅዛል። ፍቅሩን ባይጨምሩት ምን ነበረበት?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅሬታህ ይገባኛል። ብዙ ጊዜ ፍቅሩ የሚገባው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ አንድ መለኪያ አለኝ። ማሽኑን ከታሪኩ አውጣው። ፍቅሩ ምንም ሳይጎድልበት ከቀጠለ፣ መጀመሪያውኑ ቦታው እዚያ አልነበረም። አብሮ ከፈረሰ ግን ደራሲው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

በ2002 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የወጣውን የማኮቶ ሺንካይን ፊልም «የሩቅ ኮከብ ድምፆች» ውሰድ። 25 ደቂቃ ብቻ ነው። ሺንካይ አብዛኛውን ሥራ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ በራሱ ኮምፒዩተር፣ ብቻውን ነው የሠራው። የመጀመሪያው ቅጂ ላይ የሚሰማው ድምፅ እንኳ የእሱና የእጮኛው ነው። ሚካኮና ኖቦሩ አብረው የሚማሩ ልጆች ናቸው። እሷ ለጠፈር ጦር ትመለመላለች፤ እሱ ምድር ላይ ይቀራል። የሚገናኙት በሞባይል መልእክት ነው። መርከቧ በራቀች ቁጥር መልእክቱ ይዘገያል። ሲሪየስ የተባለው ኮከብ ጋ ስትደርስ ርቀቱ 8.6 የብርሃን ዓመት ሆኗል። ስለዚህ የላከችው መልእክት እሱ ጋ የሚደርሰው ከስምንት ዓመት ተኩል በኋላ ነው። እሷ ገና 15 ዓመቷ ነው። የምትጽፈው ግን 24 ዓመት ለሞላው ኖቦሩ ነው። መልእክቱ ሲገባ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ እንደሚያነበው አታውቅም።

እስቲ ያን ስልክ አንተ እንደያዝከው አስብ። መልእክት ከብርሃን አይፈጥንም። ይህን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። እዚህ ግን ልብ የሚሰብረው ያው የፊዚክስ ሕግ ነው። በፊልሙ ውስጥ ሮቦትም ውጊያም አለ። እኔ ጋ የቀረው ግን ያ ስልክ ነው።

ከሀዋሳ የደወለች አድማጭ፦ «እኔና ታናሽ ወንድሜ በ‹ስታይንስ ጌት› የተነሳ ተኳርፈናል። እሱ የጊዜ ጉዞ ታሪክ ነው ይላል። እኔ የፍቅር ታሪክ ነው ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ?»

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ካንቺ ጋር ነኝ። ወንድምሽም ግን አልተሳሳተም፤ ሁለቱን መለየት ስለማይቻል ነው የተጣላችሁት።

ላላዩት ባጭሩ ልንገራችሁ። በ2011 የወጣ፣ 24 ክፍል ያለው አኒሜ ነው። ቶኪዮ ውስጥ አኪሃባራ የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ ኦካቤና ጓደኞቹ አንዲት ክፍል ውስጥ ስልክና ማይክሮዌቭ አገናኝተው ወደ ኋላ፣ ወዳለፈው ጊዜ መልእክት መላክ ይችላሉ። ግማሹ ታሪክ በቀልድና በንትርክ ያልፋል። ብዙ ሰው ሰልችቶት የሚያቆመው እዚህ ጋ ነው። እባካችሁ አታቁሙ። ኦካቤና ከጓደኞቹ አንዷ የሆነችው ኩሪሱ በየምኑ ሲነታረኩ ሳናውቀው ለምደናቸዋል። ከዚያ የኦካቤ የልጅነት ጓደኛ ማዩሪ ትሞታለች። ደጋግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። ደጋግማ ትሞታለች። ቀድሞ የተላኩትን መልእክቶች አንድ በአንድ ካልሰረዘ እሷን ማትረፍ አይችልም። የመጀመሪያው ሲሰረዝ ደግሞ ኩሪሱ ወደሞተችበት ዓለም ይመለሳል።

ያለ ማሽኑ እንዲህ ያለ ምርጫ አይኖርም። በ22ኛው ክፍል ሲሳሳሙ፣ ኩሪሱ የአንጎል ተመራማሪ ናትና፣ በዚያች ሰዓት እንኳ የምታወራው ስለ ትዝታ ነው። ምክንያቱም ነገ ይህን የሚያስታውሰው እሱ ብቻ ነው። እኔ ያን ክፍል ባየሁት ቁጥር ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ይተናነቀኛል።

ዕድሜያቸው ገፋ ያለ አባት፦ «ልጆቼ ሲያዩ አብሬ አያለሁ። ይሄ ፍቅር ማብዛት የአሁን ጊዜ አመል ነው ወይስ ድሮም ነበር?»

መልስ፦ አባቴ፣ ድሮም ነበር። በ1982 የጀመረውን «ማክሮስ» ከልጆችዎ ጋር ቢያዩት ደስ ይለኛል። ምድርን የሚወጉት ዜንትራዲ የተባሉ ግዙፍ ወታደሮች ናቸው። ወንዱና ሴቱ ተለያይቶ ነው የሚኖረው። ዘፈን አያውቁም። አንድ ጊዜ ከምድር ወገን የማረኳቸውን ሂካሩንና ሚሳን እዚያው እነሱ እያዩ ያሳስሟቸዋል። እነዚያ የጦር አዛዦች በመድፍ ያልተደናገጡትን ያህል በመሳም ይደነግጣሉ። የጦርነቱ አቅጣጫ መለወጥ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አብራሪው ሂካሩ በዘፋኟ በሚንሜይና በአለቃው በሚሳ መካከል የሚዋልልበት ክፍል ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ይጎተታል።

ከአዲስ አበባ፦ «‹ዳርሊንግ ኢን ዘ ፍራንክስ› መጨረሻው ለምን ተበላሸ?»

መልስ፦ ይሄ እኔንም ያናድደኛል። አነሳሱ ግሩም ነበር። በ2018 ነው የወጣው። ልጆቹ ለውጊያ ያደጉ ናቸው። ሮቦቱን የሚነዱት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። መሳም ምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው የለም። የሚሰማቸውን ነገር የሚጠሩበት ቃል እንኳ የላቸውም። በዚህ ላይ ብቻ ቢቆይ ይበቃ ነበር። ወደ መጨረሻው ከጠፈር አዲስ ጠላት ይመጣና ልጆቹ ገና እየተማሩት የነበረው ነገር ተውጦ ይቀራል።

የመጨረሻዋ ደዋያችን፦ «ባለትዳር ነኝ። የተማሪ ፍቅር አይማርከኝም። ለኔ የሚሆን አለ?»

መልስ፦ አለ። በ2003 የጀመረውን «ፕላኔቴስ» እዪ። 26 ክፍል ነው። ታሪኩ በ2075 ነው። ሃቺማኪና ታናቤ ሥራቸው በምድር ዙሪያ የሚዞረውን የሳተላይት ስብርባሪ መልቀም ነው፤ የጠፈር ቆሻሻ ሰብሳቢዎች በያቸው። ደመወዝ ያንሳቸዋል፤ ቢሯቸው ጠባብ ነው፤ አለቃ ይጮህባቸዋል። መጀመሪያ ላይ አይዋደዱም። ፍቅራቸው ከሥራ ጋር፣ ከድካም ጋር፣ ተለያይቶ ከመክረም ጋር ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። የጋብቻ ጥያቄውም የሚመጣው አንዱ ባቆመበት ፊደል ሌላው ቃል በሚጀምርበት የልጆች ጨዋታ መሃል ነው። ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ እዩት።