ዓመቱ የተጠባባቂዎች ነበር (በሰፈራችን ቡድን የሽልማት ፕሮግራም ላይ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ የሰፈር ትልልቆች፣ ኮሚቴዎች፣ ከሁሉም በላይ ደሞ ልጆቼ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ይሄን አዳራሽ ለፈቀዱልን የአራት ኪሎ ሰዎች እግዜር ይስጥልን። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ አንዱ ገላን ጉራ አንዱ ሌላ ዳር ተበትኖ ቡድኑ ብቻ ነው በየሳምንቱ ሚያገናኘን፣ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም።

ኮሚቴው ተናገር ያለኝ በፈረንጆቹ 2024 በዓለም ስፖርት ስለነበሩት ትልልቅ ነገሮች ነው። እሺ፣ እናገራለሁ፣ ተዘጋጅቼም መጥቻለሁ። ግን ዓመቱን ከዳር እስከ ዳር ሳስበው አንድ ነገር ነው ደጋግሞ ሚመጣብኝ፣ ያ ዓመት የተጠባባቂዎች ዓመት ነበር። ሜዳሊያውንም ዋንጫውንም ያመጡት መጀመሪያ ስማቸው ያልተጠራ ሰዎች ናቸው። ይሄን ምለው ለማጽናናት ብዬ አይደለም፣ የሆነውን ነው ምነግራችሁ።

ከታምራት ቶላ ልጀምር። ነሐሴ 4 ቀን 2016፣ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት፣ የፓሪስ ኦሎምፒክ የወንዶች ማራቶን። አብዛኞቻችሁ እንዳያችሁት አውቃለሁ፣ ግን ከዛ በፊት የነበረውን አስታውሱ። ለማራቶኑ የተመረጡት ሦስት ሰዎች ቀነኒሳ በቀለ፣ ሲሳይ ለማ እና ደሬሳ ገለታ ነበሩ። በየካፌው ስንት ክርክር ነበር! ቀነኒሳ በ42 ዓመቱ ይሂድ አይሂድ፣ ለንደን ላይ በ2:04:15 ሁለተኛ ከወጣ በኋላ ማን ይከለክለዋል፣ ሲሳይ ደሞ ቦስተንን ያሸነፈ ነው፣ ምናምን። ታምራት ግን ተጠባባቂ ነበር። ማን? በ2022 ዩጂን ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው፣ በ2023 መጨረሻ ኒውዮርክን በ2:04:58 የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ ያሸነፈው ታምራት! እሱ ነው ተጠባባቂ የተባለው።

ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሲሳይ ተጎዳና ወጣ፣ ታምራት ገባ። እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ማራቶን በሁለት ሳምንት አይዘጋጁለትም፣ ወራት ነው ሚፈጀው። ስለዚህ ያ ሰው ስሙ ዝርዝር ውስጥ ሳይኖር፣ እንደሚሮጥ ማንም ቃል ሳይገባለት፣ ልክ እንደሚሮጥ ሰው ሲሰራ ከርሟል ማለት ነው። ንጋት ላይ ተነስቶ፣ ረጅሙን ሮጦ፣ ዳገቱን ወጥቶ። ለምን ውድድር? እንጃ። ምናልባት ለምንም! እንደዛ ሆኖ መስራት ምን ማለት እንደሆነ ቤንች ላይ የተቀመጠ ልጅ ብቻ ነው ሚያውቀው።

መንገዱ ደሞ ቀላል አልነበረም፣ ከፓሪስ ተነስቶ ቬርሳይ ደርሶ ሚመለስ፣ ዳገት የበዛበት፣ 28ኛው ኪሎሜትር አካባቢ ያለው ዳገት በቲቪ ሲታይ ራሱ ያስተክዝ ነበር። ታምራት እዛ አካባቢ ነው ጥሏቸው የሄደው። በሱ ፍጥነት ማንም አልተከተለውም። በ2:06:26 ገባ፣ ሳሙኤል ዋንጂሩ ቤጂንግ 2008 ላይ ያስመዘገበውን 2:06:32 ሰብሮ የኦሎምፒክ ሪከርድ አደረገው። ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ወርቅ በኋላ በወንዶች ማራቶን ኦሎምፒክ ወርቅ ስንጠብቅ 24 ዓመት ሆኖን ነበር። እና በፓሪስ ያገኘነው ወርቅ ስንት ነው? አንድ። ያቺን አንድ ማን አመጣት? ተጠባባቂው!

ታላላቆቻችን ደሞ ይሄ ታሪክ አዲስ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ሲነገረን እንዳደግነው አበበ ቢቂላም ሮም የሄደው በዋሚ ቢራቱ ቦታ ነው፣ ዋሚ መሄድ ሳይችል ሲቀር። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 የሮጠው ሰው፣ ዛሬ ድረስ በስሙ ምንምለው ሰው፣ አመጣጡ እንዲህ ነው። ሜክሲኮ 1968 ላይ አበበ አቋርጦ ሲወጣ ደሞ ወርቁን ያመጣው ማሞ ወልዴ ነበረ። ይሄ አገር የቆመው ከኋላ ሆነው ተዘጋጅተው በሚጠብቁ ልጆች ነው እኮ!

ወደ ኳሱ ልምጣ፣ ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው። የአፍሪካ ዋንጫ በአይቮሪኮስት። አዘጋጇ በገዛ ሜዳዋ በኢኳቶሪያል ጊኒ 4 ለ 0 ተሸነፈች፣ አሰልጣኙ ተባረረ፣ ቡድኑ ከምድቡ በሦስት ነጥብ ሦስተኛ ሆኖ ሌላ ምድብ ውስጥ ሞሮኮ ዛምቢያን ስላሸነፈችለት ነው ያለፈው። የፈረንሳይ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ የነበረውን ኤርቬ ሬናርን በውሰት ሊያመጡ ሞከሩ፣ አልተሳካም። በቃ ረዳቱን ኤመርሴ ፋኤን ያዝ አሉት። ረዳቱን! ሴኔጋልን በፔናልቲ፣ ማሊን በአስር ሰው፣ ዲሞክራቲክ ኮንጎን 1 ለ 0፣ ፋይናል ላይ ናይጄሪያን 2 ለ 1። ማሊ ላይ 90ኛው ደቂቃ አቻ ያደረገው ሲሞን አዲንግራ ተቀይሮ የገባ ልጅ ነው፣ ፋይናሉ ላይ ሁለቱንም ጎል ያመቻቸው ደሞ እሱ ነው። ማሸነፊያውን ያገባው ሴባስቲያን ሀለር ካንሰር ታክሞ የተመለሰ ሰው ነው። (ያ እሁድ ሌላም ነገር ነበረው፣ ማራቶንን በ2:00:35 የሮጠው ኬልቪን ኪፕቱም ከአሰልጣኙ ጋር በመኪና አደጋ ያለፈው በዛው ቀን ነው። ነፍሳቸውን ይማር። ገና 24 ዓመቱ ነበር።)

ሌላው? የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ሪያል ማድሪድ በባየርን 1 ለ 0 እየተመራ ሆሴሉ በ81ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ገባ፣ በ88 እና በ91 አገባ፣ ማድሪድ ዌምብሌይ ሄዶ ዶርትሙንድን 2 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን በላ። የአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ኦሊ ዋትኪንስ ገብቶ ሆላንድን አሰናበተ። በርሊን ፋይናሉ ላይ የእንግሊዝን አቻ ያገባው ፓልመር ተቀይሮ የገባ፣ የስፔንን ማሸነፊያ በ86ኛው ደቂቃ ያገባው ኦያርዛባልም ተቀይሮ የገባ። ያን ሌሊት ማያሚ ላይ ሜሲ ተጎድቶ እያለቀሰ ወጣ፣ ኮፓ አሜሪካን ለአርጀንቲና በ112ኛው ደቂቃ ያመጣው ላውታሮ ማርቲኔዝ ነው። ከየት ተነስቶ? ከቤንች!

እንግዲህ ወደራሳችን። ኮሚቴዎች አትቀየሙኝ፣ ብትቀየሙኝም ግን እናገራለሁ።

ሁለተኛ በረኛችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ስሙን አልጠራም፣ አፍሮ አንገቱን እንዲደፋ አልፈልግም። ሰፈሩ ከፈረሰ ጀምሮ ሚኖረው ገላን ጉራ ነው። ጨለማው ሳይገፈፍ ይነሳል፣ ታክሲ ቀያይሮ ይመጣል፣ ከሁላችንም ቀድሞ ይደርሳል፣ የኳሱን መረብ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ኮኖቹን ሚደረድረው እሱ ነው። ጓንቱ የቀኝ አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል፣ እናቱ በጥቁር ክር ሰፍታለታለች፣ ክሩ ሲላላ እንደገና ትሰፋዋለች። ከጨዋታ በፊት አንደኛውን በረኛ ሚያሟሙቀው ማነው? እሱ። አንደኛው በረኛ ፋይናል ላይ ያዳነው ፔናልቲ፣ ሁላችሁም የጮሃችሁለት፣ ሳምንቱን ሙሉ ወደዛች ጥግ እየመታ ያለማመደው ማነው? እሱ! በውድድሩ ግን አንድ ደቂቃ አልተሰለፈም።

ዋንጫው የተሰጠ ቀን ልጆቹ ተሰለፉ፣ እሱም ተሰለፈ። ሜዳሊያ ሲታደል ሲታደል እሱ ጋ ሲደርስ ትሪው ባዶ ሆነ። ለካ የተሰራው ለ14 ልጅ ብቻ ነው። ከኋላው የነበሩትም ሦስቱ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። አንድ ትልቅ ሰው፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው፣ "አንተማ አልተጫወትክ" አለው። ልጁ ምንም አላለም፣ ከሰልፉ ወጥቶ ዳር ቆሞ ለጓደኞቹ አጨበጨበ። እኔ ግን ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አልተጫወትክም ማለት ምን ማለት ነው? ታምራት ቶላንስ ሐምሌ ላይ ማን አትሮጥም አላለውም? የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ ቤቱ ፈርሶበት፣ ትምህርት ቤት ቀይሮ፣ ከከተማው ጫፍ መጥቶ ኳስ ሲለቅም ከርሞ ለቁራጭ ብረት አይበቃም ምንለው እኛ ማን ነን? ቱታ ሲገዛም እንደዛው ነበር፣ የትራንስፖርት ብር ሲታደልም ለቋሚዎቹ ብቻ። እና ልጆች ለምን ይቀራሉ ትላላችሁ፣ ሱስ ውስጥ ገቡ ትላላችሁ፣ ስብሰባ ትጠራላችሁ! አባረን አይደለም ወይ?

ገንዘብ የለም ሚባለውን አልቀበልም። ለመድረኩ ጌጥና ለባነር የወጣው ብር አራት ሜዳሊያ አያሰራም? ባነሩ ላይ ደሞ የማን ፎቶ ነው ያለው፣ የልጆቹ ነው? ልጆቹ የሉበትም!

ሰዓቱ ስለሄደ የቀረውን ልሩጥ። ፅጌ ዱጉማ በ800 ሜትር ብር አመጣች፣ በዛ ርቀት ሜዳሊያ ያልለመድን ሰዎች ነን፣ ያቺን ልጅ ያዝ አድርጓት። በሪሁ አረጋዊ በ10 ሺ ብር። ትዕግስት አሰፋ በማራቶኑ በሲፋን ሀሰን በሦስት ሰከንድ ተቀድማ ብር፣ መጨረሻ ላይ ክርን ለክርን ተነካክተው፣ ክሱም ውድቅ ሆነ፣ እኔ እስካሁን ያበግነኛል። ሌትሲሌ ቴቦጎ እናቱን በቀበረበት ዓመት በ200 ሜትር በ19.46 ለቦትስዋና ወርቅ። ባየር ሌቨርኩሰን ሳይሸነፍ የጀርመን ሻምፒዮን። እነዚህን በሌላ ቀን በሰፊው እናወራለን።

የኮሚቴው የዛሬ ሽልማት ዝርዝር እጄ ላይ ነው። ኮከብ ተጫዋች፣ ኮከብ ግብ አግቢ፣ ኮከብ በረኛ። ሦስቱም ይገባቸዋል፣ አጨብጭቡላቸው። ግን እኔ ምጠይቀው ሽልማቱ ከመጀመሩ በፊት ኮሚቴው እዚህ መድረክ ላይ ወጥቶ ሦስት ነገር እንዲናገር ነው። ለቀሩት አራት ልጆች ከዋንጫው ሜዳሊያ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ሜዳሊያ እስከ ፋሲካ ይሰራል። ከአሁን በኋላ ቱታም ትራንስፖርትም ልምምድ ለመጣ ልጅ ሁሉ እኩል ነው። ዘንድሮ በምድብ ጨዋታዎች ተመዝግቦ ልምምድ ያላቋረጠ ልጅ ሁሉ ሜዳ ይገባል፣ ይሄ ደሞ የኔ ሥራ ነው፣ ቃሌን እዚሁ ሰጥቻለሁ፣ በዚህ ምክንያት ብንሸነፍ እኔን ጠይቁኝ።

ወላጆች፣ በዚህ ምትስማሙ አሁን እጃችሁን አውጡ። አውጡ፣ ኮሚቴው ይቁጠር። ሰብሳቢያችን፣ ጋሼ፣ መድረኩ የርስዎ ነው፣ መልሱን እየጠበቅን ነው።