ደሟን ያየች ሴት ማንን ትጠይቅ?

የተከበራችሁ ተመራቂ አዋላጆች፣ ወላጆች፣ የድሮ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

አስተባባሪዎቹ «ሲስተር፣ አሥር ደቂቃ አለዎት፤ ስለ ሥነ ምግባር ይናገሩ» ብለውኛል። ሥነ ምግባሩን መምህሮቻችሁ ከእኔ በተሻለ አስተምረዋችኋል። እኔ የመጣሁት ስለ ፒልስ፣ ስለሚዋጠው የወሊድ መከላከያ እንክብል ልናገር ነው።

እዚሁ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጥ አንዲት እናት ነበረች። አራት ልጆች አሏት። ፒልስ ወሰደች። በሦስተኛው ሳምንት ያለ ወር አበባዋ ደም ጠብ ጠብ ይላት ጀመር። ጎረቤቷ «እንክብሉ ማህፀንሽ ውስጥ እየተከማቸ ነው» አለቻት። ፓኬቱን እንዳለ ሐይቁ ውስጥ ወረወረችው። ከወራት በኋላ አምስተኛውን አርግዛ መጣች። ለምን ተመልሰሽ አልጠየቅሽንም ብዬ ተቆጣኋት፤ እኔ ቁጡ እንደነበርኩ እዚህ የተቀመጡት ያውቃሉ። «እናንተ አልነገራችሁኝም፣ ጎረቤቴ ነገረችኝ» አለችኝ።

ፒልሱን የሰጠኋት እኔ ነበርኩ። በዚያን ቀን ወረፋው እስከ ውጭው በር ደርሶ ነበር።

«ጉዳቱን ከነገርናቸው ይፈራሉ» ይባላል። ዕድሜዬን ሙሉ ሰማሁት። የሚያስፈራው ያልተነገረው ነው! በ1970 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሴኔት ስለ ፒልስ ደኅንነት ምስክር ሲሰማ፣ ከታዳሚው መካከል ሴቶች ተነስተው ፒልስ የምትውጥ ሴት ለምስክርነት ለምን አልተጠራችም ብለው ጮኹ። በዚያው ዓመት ማስጠንቀቂያ የያዘ ወረቀት ከፒልሱ ጋር እንዲሰጥ ታዘዘ። እኛ ጋ ወረቀቷ በደቃቅ ፊደል ተጽፋ፣ ታጥፋ ፓኬቱ ውስጥ ትቀመጣለች። ዓሣ ሻጯ እንድታነባት ነው?

አፋችሁን ከፍታችሁ ንገሯት። ያቅለሸልሽሽ ይሆናል፣ ከራት በኋላ ዋጪው። ጡትሽ ይወጠር ይሆናል፣ ራስሽን ያምሽ ይሆናል፣ ሆድ ይብስሽ ይሆናል። በመካከል ደም ጠብ ቢል አትደንግጪ፣ አታቋርጪም፤ አብዛኛው በሦስት ወር ውስጥ ይተዋል። ካልተወሽ ነይ፣ እንቀይርልሻለን። ስታቆሚ ደግሞ ትወልጃለሽ፤ ማህፀን ውስጥ የሚከማች እንክብል የለም።

ግን አንድ ባትሽ አብጦ ካመመሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከያዘሽ ወይም ዓይንሽ ከጋረደሽ ፒልሱን ትተሽ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂጂ። ደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ሲደርስ ግን ይገድላል። ስለዚህ የደም ግፊቷን ሳትለኩ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበትን ፒልስ አትስጡ። ከ35 ዓመት በላይ ሆና ሲጋራ ለምታጨስ፣ ለአራስም አይሆንም።

ወረፋው ይረዝማል ትሉኛላችሁ። ይርዘም!

ሰዓት አልቋል እየተባልኩ ነው። በብዙዎቹ ፓኬቶች ያሉት ሰባቱ ቡናማዎች የብረት ማዕድን ናቸው፤ ይህንንም ንገሯት። ሪፋምፒሲን ያለበት የቲቢ መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ ጠይቋት፣ የፒልሱን ኃይል ይቀንሰዋል። ስለ ባሎች ያዘጋጀሁትን ትቼዋለሁ። እንኳን ደስ አላችሁ።