የተሰጠን ሁሉ ሒሳብ አለው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ስለ መክሊት እንድናገር ተጠይቄያለሁ። ሙያዬ ሒሳብ ነው። ትርጓሜውን ለአባቶች ትቼ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ወንጌሉን ሲያነብ የሚታየውን ላካፍላችሁ።

ማቴዎስ ምዕራፍ 25 ላይ ያለውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጌታው ሩቅ አገር ሲሄድ ለአንዱ አገልጋይ 5፣ ለሁለተኛው 2፣ ለሦስተኛው 1 መክሊት ሰጠ። ስንሰማው ባለ አንዱ ያሳዝነናል፤ ምንም ያልተሰጠው ይመስለናል። እስቲ እናስላው። አንድ መክሊት 6000 ዲናር ገደማ ነበር። አንድ ዲናር ደግሞ የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነው፤ ማቴዎስ 20 ላይ የወይን አትክልቱ ጌታ ሠራተኞቹን የተዋዋለው በዚሁ ነው። ሰውየው በዓመት 300 ቀን ቢሠራ፣ አንድ መክሊት የ20 ዓመት ደመወዝ ይሆናል። ያንን ሁሉ በአንድ ቀን ተቀብሎ ነው ጉድጓድ የቆፈረው።

ይህ ሰው ግን አልሰረቀም። አልጠጣበትም። አደራ በላ ሊባልም አይችልም፤ የተቀበለውን ሳያጎድል መልሷል። በእኛ ሚዛን ጨዋ ሰው ነው። «የሰው አልነካሁም፣ ማንንም አልበደልኩም» ብለን የምንጽናና ስንቶቻችን ነን? ጌታው ግን ሃኬተኛ አለው። ለለዋጮች እንኳ ብትሰጠው ከነወለዱ እቀበለው ነበር ብሎ ወቀሰው። ይህን ቦታ ባነበብኩት ቁጥር እፈራለሁ። ምክንያቱም እኛ የምንጠነቀቀው እንዳናጠፋ ነው። ያልሠራነውን ማን ይቆጥርብናል?

ጎንደር ባለሙያ አላነሳትም። የሕዝብ ጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ሐኪምና ነርስ ስታስተምር የኖረች ከተማ ናት። ግንበኛው፣ የመብራት ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ልብስ ሰፊዋ ሁሉ በዚህ አጥቢያ አሉ። እሑድ አስቀድሰን፣ ሙዳየ ምጽዋቱ ላይ አቅማችን የፈቀደውን ጣል አድርገን እንወጣለን። ሙያችን ግን ቤት ቀርቷል። አጥሩ ሲፈርስ ግንበኛ በገንዘብ እናፈላልጋለን፤ ግንበኛው አጠገባችን ቆሞ አስቀድሷል። የጠየቀው የለም። እሱም «እኔ አለሁ» አላለም።

ዘጸአት 31ን አንብቡልኝ። እግዚአብሔር በመንፈሱ ሞላሁት ብሎ በስሙ የጠራው ባስልኤል የእጅ ባለሙያ ነው። ወርቅና ናስ የሚሠራ፣ ድንጋይና እንጨት የሚጠርብ። ምዕራፍ 36 ላይ ደግሞ ሕዝቡ ለድንኳኑ ያመጣው ስጦታ ከሚፈለገው በላይ ሆነና ሙሴ «ከእንግዲህ አታምጡ» ብሎ አሳወጀ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በአጥቢያችን ሲነገር ብሰማ እንዴት ደስ ባለኝ!

ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። መክሊት ሲነገድበት ማየት የሚፈልግ እዚሁ ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ። አቋቋም፣ ማለትም በከበሮና በጸናጽል የሚዘመረው የዜማ ትምህርት፣ ከዚያ ጉባኤ ወጥቶ ወደ አገሩ ሁሉ የተሰራጨው እንዴት ነው? መምህሩ የተቀበለውን ለደቀ መዝሙሩ ሰጠ፣ እሱም ለሌላው። ብዙዎቹ መምህራን ይህ ነው የሚባል ደመወዝ አልነበራቸውም። ተማሪውም ጎጆ ቀልሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ እየበላ ተማረ። አንዱ ትውልድ «ለእኔ ይበቃኛል» ብሎ ዝም ቢል ኖሮ፣ በጥምቀት ፋሲል መዋኛ ስንቆም ያንን ወረብ አንሰማውም ነበር። ከተቀበሉት ትርፍ እየበላን ነን። ዛሬ ያ ተማሪ ሲታመም የሚያየው ሐኪም ማነው? በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሚሰጥ ነርስ ከመካከላችን ይጠፋል?

የከተማችን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም አደራ ናት። በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጡት ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከጥቂት አብያተ ክርስቲያናት ጋር ተረፈች። ንብ መንጋ ተነሥቶ እንደጠበቃት አባቶች ይነግሩናል። ከዚያ በኋላ ጣሪያዋን ያደሱ፣ ሥዕሎቿን ዝናብ እንዳይነካቸው የተጉ ሰዎችም አሉ። ስማቸውን አናውቅም፤ ሥራቸውን ግን ቀና ብለን እናየዋለን።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ኑሮው እንደከበደ አውቃለሁ። ከቤት ንብረቱ ተፈናቅሎ የመጣ ወገን በየሰፈራችን አለ። ሁለት ሳንቲም የሰጠችውን መበለት ጌታ ራሱ ስላመሰገናት፣ የማንንም እጅ ማነስ የምንለካበት ሥልጣን የለንም። አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ለአንድ ቀን ሠርግና ለተዝካር እንበደራለን፣ አሥራት ሲባል ግን ጊዜው መጥፎ ነው እንላለን። ይህን እያንዳንዳችን ከቤተሰባችን ጋር ቁጭ ብለን ብንነጋገርበት መልካም ነው። በጾም የተረፈው የምግብ ወጪም ለድሃው እንዲደርስ ነው የታዘዝነው፤ ፋሲካ ሲመጣ ለበግ መግዣ እንዲጠራቀም አይደለም።

ሒሳቡ ደግሞ በምእመኑ ላይ ብቻ አይደለም። ሉቃስ 16 ላይ «የመጋቢነትህን ሒሳብ አስረክብ» የተባለው ገንዘቡን የያዘው ሰው ነው። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣውን ብቻውን አልያዘም። ቲቶንና ሌሎች ወንድሞችን አብሮ ላከ፤ ስለዚህ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ ምክንያቱን በሁለተኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ ጽፎታል። ሐዋርያው እንዲህ ከተጠነቀቀ እኛ ምን ሊቀርብን ነው? ሰው ስጥ ብቻ እየተባለ የት እንደዋለ ካልተነገረው እጁ ይሰበሰባል። ደረሰኝ መቁረጥ፣ ሙዳየ ምጽዋት በሦስት ሰው ፊት መቁጠር፣ ገቢና ወጪን ለሕዝብ ማንበብ መጠራጠር አይምሰላችሁ። ለካህኑም ለሰበካ ጉባኤውም ክብር ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። ሰበካ ጉባኤያችን በየሦስት ወሩ ከቅዳሴ በኋላ ሒሳቡን ያስነብብ። ለማዘጋጀት እኔ ያለ ክፍያ አለሁ፤ ሌሎች የሒሳብ ባለሙያዎችም ከጎኔ ቁሙ። ሁለተኛው፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ የሙያ መዝገብ ከፍቷል። ስማችሁን፣ የምትችሉትን ሥራና የምትሰጡትን ሰዓት ጻፉ። እናቶቼ፣ «እኔ ምን አለኝና» እንዳትሉ። የታመመ መጠየቅ፣ ለአብነት ተማሪ እንጀራ መጋገር፣ ወላጅ የሌለውን ልጅ ማየት እዚያው ላይ ቦታ አለው። መጻፍ የሚቸገር ካለ ወጣቶቹ ይጽፉለታል። መዝገቡ በሩ አጠገብ ነው፣ እስኪመሽም አይነሣም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።