ልጅቷ ምን አለቻት?

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ቡና ዋጋ እናወራለን ብያችሁ ነበር። ይቆየን። ያቺ ልጅ ከአእምሮዬ አልወጣ አለችኝ።

ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ ነው። እናትና ልጅ ከሰቃ በኩል ቡና ይዘው መጥተዋል። ልጅቷ አትሰማም። ግን ወሬያቸው! አገጯን ወደ ታች ዳበስ ስታደርግ እናትየው በሳቅ ፈረሰች፤ ለካ ጺማሙን ነጋዴ ነው። አብራቸው የመጣችው ጎረቤትም በእጇ ትመልስላታለች።

ያ ጫማ ቤት ያለው ጎረቤቴ፣ እሱም አይሰማም፣ ጠጋ አለና በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ስሙን ፊደል በፊደል ነገራት። የእጁ ቅርጽ ፊደሉን፣ እንቅስቃሴው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ይናገራል። ልጅቷ አልገባትም። ግን ዓይኗን ከእጁ ላይ አልነቀለችም። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች፣ ደረቷን ነካች፣ መዳፏን ዘረጋች፣ ወደ እሱ ጠቆመች። እናትየው ጣሳውን አስቀመጠች።

«ምን አለችሽ፣ እናቴ?» አልኳት።

«ምንም።»

ምንም አይደለም እኮ! «እሱም እንደኔ ነው» ብላት ይሆን? ወይስ «ልሂድ»?

እንዲህ ቤት ውስጥ የተጀመረ የእጅ ወሬ ቋንቋ ሲሆንም ታይቷል። እስራኤል ውስጥ፣ ኔጌቭ በረሃ፣ አል ሰይድ የሚባል የቤዱዊን ዓረቦች መንደር አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ገደማ መስማት የተሳናቸው 4 ልጆች አንድ ቤት ተወለዱ። ከእነሱ ጀምሮ መንደሩ የራሱን ምልክት ቋንቋ አበጀ፤ የሚሰማውም ይናገረዋል። ደግሞ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ እንደ አማርኛ፣ እንደ ኦሮምኛ! በአካባቢው ያሉት ዓረብኛና ዕብራይስጥ እንዲያ አይደሉም። ማን አስተማራቸው? ይሄ ነገር ሁሌ ይገርመኛል።

ጋና ውስጥ ደግሞ አዳሞሮቤ አለ። እዚያም መንደሩ የራሱ ምልክት ቋንቋ አለው። የማይሰሙት ልጆች ግን አዳሪ ትምህርት ቤት ሲገቡ ሌላ ምልክት ቋንቋ ለመዱ፤ የመንደሩ እየሳሳ ሄደ።

ልጅቷ ትማር። በዚህ አልደራደርም፤ ማንበብ፣ መጻፍ፣ እኩዮቿን ማግኘት አለባት። ግን በዓመቱ መጨረሻ ቤት ስትመጣ፣ ለእናቷ የምታወራውን ግማሹን መልሳ ልትውጠው ነው? እናቶችም አብረው ይማሩ እላለሁ። እሺ፣ ከሰቃ በየሳምንቱ ማን ያመላልሳታል? ቡናውንስ ማን ይለቅማል? አባትየውን እኮ አልጠየቅኩም፤ ምናልባት እሱ…